ሦስት ጠርሙስ ዘይት ይዘን ወደ ጉለሌ

የሄድነው ሰው ለማስፈታት ነው። አብሮኝ የተላከው ጓድ ፍሰሐ ግን «ናሙና ለማድረስ ነው» ይል ነበር። ናሙና ለማድረስ ብቻ ከሆነ ሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ከተማ የዘይት ፋብሪካ ወዛደር ነኝ። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። እኛ ዘንድ ኑግ በመጭመቂያ ይጨመቃል። ፋጉሎው ውስጥ የቀረውን ዘይት ደግሞ ሄክሳን የሚባል ፈሳሽ አጥቦ ያወጣዋል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ቤንዚን ስለሚሸት ሁላችንም «ቤንዚኑ» እንለዋለን። ዘይቱን ካወጣ በኋላ እሱ ራሱ ከዘይቱ መውጣት አለበት፤ የሚባረረው በእንፋሎት ነው። የእንፋሎቱ ኃላፊ መርዕድ ነው። መርዕድ ደግሞ የልጄ ክርስትና አባት፣ አበልጄ ነው።

በዚያ ሰሞን የቀበሌ ሱቅ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ይላል ተባለ። ሴቶች ተሰልፈው የወሰዱትን ተሰልፈው መለሱት። ስብሰባ ተጠራና «አሻጥር» የምትለው ቃል ወጣች። ያቺ ቃል አንዴ ከወጣች ሰው ሳትይዝ አትመለስም፤ መርዕድን ይዛ ገባች። ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለ ክፍል ዘጉበት። «ጉለሌ ያለው ላቦራቶሪ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ቀርቷል ካለ ጉዳዩ ወደ በላይ ይሄዳል፤ የለም ካለ ይለቀቃል» አሉን። ወደ በላይ የሄደ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ከሠራተኛው አንድ ምስክር ይሂድ ሲባል እኔ ተመረጥኩ። ወደውኝ አይደለም፤ ምላሴን የሚወድ ሰው እዚያ ግቢ የለም። የናሙናውን ጠርሙሶች አጥቤ ከዘይቱ ቋት የሞላሁት እኔ ስለሆንኩና መፈረም ስለምችል ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። እስከዚያ በአውራ ጣቴ ስንት ነገር እንዳስፈረሙኝ እግዜር ይወቀው። ይህንንም የምጽፈው በዚያው እጄ ነው፤ ያልጣመው ይዝለለው።

ቁልቁል ወደ ዓባይ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሳ። ሦስቱ ጠርሙሶች አፋቸው በሰም ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎባቸው፣ ጭድ በተጎዘጎዘበት ሣጥን ጭኔ ላይ ተቀምጠዋል። እግሬ ሥር አራተኛ ጠርሙስ ነበረ፤ ይሄኛው ማኅተም የለውም። ከዚያው ቋት፣ ከዚያው ቧንቧ፣ በዚያው ቀን የተቀዳ የሠራተኛ ድርሻዬ ነው። ለሕዝብ እንዳይሸጥ ታግዶ ሳለ ለእኛ ግን አልከለከሉንም፤ ወዛደር ቤንዚን ቢጠጣ ማን ይገደዋል! አዲስ አበባ ለሚያሳድረኝ ሰው ስጦታ ይዤው ነው። የአረቄ ጠርሙስ ነበር፤ ሚስቴ በአመድና በፈላ ውሃ አጥባ ሰጠችኝ። «ፋብሪካ ወስጄ ልጠበው» ብላት «የአንተ ማጠብ ይቅርብኝ፤ ያ ሽታ ጓዳዬ አይገባም» አለችኝ።

ደጀንን እንዳለፍን መሬቱ አለቀ። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ዓባይ ዓባይ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን ግን መጀመሪያዬ ነበር። አገር እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርሶ፣ ከቅርፊቱ እስከ ልቡ ድረስ ድርብ ድርቡ ይታያል፤ ቀዩ፣ ነጩ፣ አመድማው። ማዶው ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። ከላይ ጋቢ ለብሰን የተነሳን ሰዎች ታች ስንደርስ ኮት አውልቀን እንኳ አልቻልነውም፤ የፍሬኑ ቃጠሎ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እንዲህ ያለ ነገር አጠገባችን ተቀምጦ እኛ በአንድ ኪሎ ዘይት ስንባላ እንኖራለን አልኩ በሆዴ።

ጓድ ፍሰሐ የፋብሪካው የፓርቲ ሰው ነው፤ ከበኩር ልጄ ብዙም አይበልጥም። ጓድ ብሎ ከጠራህ በኋላ አንተ ማለት ይፈቀድለታል። በየመታጠፊያው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ጓድ፣ ጸሎት አቁሜያለሁ ትል አልነበር እንዴ?» አልኩት።

«ኪሎ ሜትር እየቆጠርኩ ነው።»

«ከቆጠርክስ የእኔንም ጨምርልኝ።»

ከኋላችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ሳቃቸው አመለጣቸው። እሱም ፈገግ አለና መልሶ ዋጠው። ድልድዩ ላይ ወታደሮች ቆመዋል፤ ሴትዮዋም ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ፍቼ ላይ ቅቅል በላን። ቅቅል ያሉት ውሃ የጎበኘው አጥንት ነው፤ የከፈልኩት ግን የሥጋ ዋጋ ነው። ሱሉልታ ኬላ ላይ ፈታሹ ሣጥኑን አስከፈተኝ።

«ምንድን ነው?»

«ዘይት።»

«ዘይት ደግሞ ምን ብሎ ይታሸጋል?»

ፍሰሐ ደብዳቤውን አወጣ። ፈታሹ አነበበና ጠርሙሶቹን አየ። «ለምርመራ? ዘይት ታመመ እንዴ? ያኛውስ?»

«ያኛው ጤነኛ ነው፤ ለወጥ ነው» አልኩት። ስቆ አሳለፈን።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንጦጦ ላይ ደረስን። ባሕር ዛፍ በኛም አገር አለ፤ እንዲህ ተራራ የሚያክል ግን አይቼ አላውቅም። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ይወርዳሉ። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይበልጣል፤ ከኋላ ስታያቸው ጫካው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ሸክሙ የቀለላቸው ቀድመው ጠፍተዋል፤ የከበዳቸው አጎንብሰው ኋላ ቀርተዋል። ከሥራቸው ከተማዋ ተዘርግታለች፤ ጫፏን ፈልጌ አጣሁት። አዲሱ ገበያ ወረድን። ፍሰሐ በውሎ አበሉ ሆቴል ገባ፤ እኔ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ።

ቶማ ቤት

ቶማ ሸማኔ ነው፤ የጋሞ ሰው። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ ጋቢና ነጠላ ይዞ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል፤ እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ስደርስ ከጉድጓዱ ወገቡ ድረስ ገብቶ፣ እግሩ ከታች፣ እጁ ከላይ ይሠራ ነበር። መወርወሪያዋን ሳያያት ከቀኝ ወደ ግራ ይልካታል፤ እሷም ቦታዋን ታውቃለች።

«ጋሼ አላምረው! ምን እግር ጣለዎት?» ብሎ ከጉድጓዱ ሊወጣ ተነሳ።

«እስረኛ ጣለኝ» አልኩትና ነገሩን ነገርኩት።

ሚስቱ ጠርሙሱን ተቀብላ ከፈተችው፤ አሸተተችው፤ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። «እንዲህ ያለ ዘይት ካየሁ ቆየሁ። ቀበሌ የሚሰጠን እኮ ለፋኖስ የሚሆን ነው» አለች። ያን ማታ ድንች ጠብሳ አበላችን። እኔ ግን መርዕድ ምን በልቶ ይሆን እያልኩ አደርኩ።

የማትታየው እሳት

ላቦራቶሪው ከሽሮ ሜዳ በእግር ይደረሳል። የተቀበለችን ወይዘሪት ሮማን የምትባል ኬሚስት ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ ጸጉሯን በሻሽ አስራለች። ሳያት «ይቺ ልጅ ናት የመርዕድን ነፍስ የያዘችው?» ብዬ ተናደድኩ። ቀኑ ሲያልፍ በተናደድኩበት አፈርኩ።

መሣሪያው በር ያለው የብረት ሣጥን ነው፤ ከጎኑ የጋዝ ሲሊንደሮች በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል፣ ከፊቱ የወረቀት ጥቅልና ብዕር አለ። ስሙን ጽፋ ሰጠችኝ። ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይላል። ፊደል እየቆጠርኩ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው የወጣሁት።

ክብሪት ጫረች፤ ትንሽ ጧ አለ። ምንም አላየሁም።

«እሳቱ የታለ?»

«ይነዳል፣ ጋሼ። ሃይድሮጂን ሲነድ አይታይም።» የሚያብረቀርቅ መፍቻ አንስታ ከትንሿ ጭስ ማውጫ በላይ ያዘችው። ብረቱ ላይ ጉም ሸፈነው። «ይንኩት።»

ነካሁት። ውሃ ነው።

«ከእሳት?»

«ከእሳት።»

ሃምሳ ዓመት እሳትና ውሃ ጠላት ናቸው ሲሉኝ አምኜ ኖሬያለሁ። ጣቴን ደጋግሜ አየሁት። ፍሰሐም «እስቲ» ብሎ ነካ።

ከዚያ የሣጥኑን በር ከፍታ አሳየችን። ውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ነው። ዘይቱን ራሱን እንደማታስገባ ነገረችኝ። በትንሽ ብልቃጥ ጥቂት ዘይት ታደርግና አፉን በጎማ ዘግታ ሙቅ ውሃ ውስጥ ታቆየዋለች። ቤንዚን ካለበት ሙቀቱ ሲያገኘው ከዘይቱ ወጥቶ ከላይ ካለው አየር ጋር ይቀላቀላል። እሷ በመርፌ የምትወስደው ያን አየር ነው።

«አየር ትመዝኛለሽ ማለት ነው፣ ልጄ?»

«እንዲያ ይበሉት። ትናንት በእንጦጦ ሲወርዱ እንጨት የተሸከሙትን ሴቶች አይተዋል አይደል? ሁሉም ከአንድ ቦታ አንድ ላይ ቢነሱ የቀለላት ቀድማ ትደርሳለች፣ የከበዳት ትዘገያለች። በዚህ ቱቦም እንደዚያው ነው። ሄክሳን የሚደርስበት ሰዓት የታወቀ ነው። በዚያ ሰዓት የደረሰው እሱ ነው።»

«ሲደርስ ማን ያየዋል?»

«እሳቱ። ሲያቃጥለው ብዕሩን ያስነሳዋል።»

መጀመሪያ ንጹሕ ዘይት ላይ ልኩን እያወቀች ትንሽ ትንሽ ሄክሳን ጨምራ ሞከረች። ብዕሩ በቀጥታ ሲሄድ ቆይቶ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሳ፣ ጫፍ ወጣ፣ ወረደ፤ ኮረብታ ሠራ። ጥቂት ሲሆን ትንሽ ኮረብታ፣ ሲበዛ ትልቅ። እኔ በስተርጅና ብዕር ስጨብጥ እጄ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይኼ ግን ዓይን የማያየውን ነገር እየሰማ ሳይደናገጥ ይጽፋል።

ከዚያ መቀስ አነሳች። ኮረብታዎቹን ከወረቀቱ እየቆረጠች፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ባለች ሚዛን መዘነቻቸው። ወረቀት!

«ይህ የሕፃን ጨዋታ አይደለም?» አለ ፍሰሐ።

«ወረቀቱ ውፍረቱ እኩል ነው። ኮረብታው ሲሰፋ ክብደቱ ይጨምራል። የእናንተን ኮረብታ ከእነዚህ ጋር አስተያይቼ ስንት እንዳለበት አውቃለሁ» አለችው ቀና ሳትል።

ሦስት ኮረብታ

የመጀመሪያው ጠርሙሳችን ተራ ደረሰ። ሰሙን ሰበረች፤ ብልቃጡ ሞቀ፤ መርፌው ገባ። ጠበቅን። ሰዓቱ ሲደርስ ብዕሩ ተፈናጠረ፤ የወረቀቱን ጫፍ መታና እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ኮረብታ ሳይሆን ግድግዳ ነው የሠራው። ፍሰሐ ማስታወሻውን አወጣ። መርዕድን ወደ በላይ ሲወስዱት ያየሁት መሰለኝ።

የሁለተኛው ኮረብታ የወረቀቱን ግማሽ አከለ። የሦስተኛው እንደገና ከወረቀቱ ወጣ።

«ተረጋገጠ እንግዲህ» አለ ፍሰሐ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ሮማን ግን ፊቷን አኮሳተረች። «ሦስቱም ከአንድ ቋት ነው የተቀዱት?»

«ከአንድ ቋት፣ ከአንድ ቧንቧ፣ አከታትዬ ነው የቀዳሁት» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ሦስት ዓይነት ዘይት ይሆናል?»

ሁሉንም ደገመቻቸው። ያው ሆነ። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ጠርሙሶቹን ማን አጠባቸው?»

«እኔ!» አልኩ። ቢያንስ በዚህ አልታማም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«በምን?»

«በምን ይታጠባል? በቤንዚኑ ነዋ! ዘይት የለመደ ጠርሙስ ለሳሙና ይበገራል እንዴ? ጨመርኩበት፣ ናጥኩት፣ ደፋሁት፤ እንደ መስታወት ሆነ። አቧራ እንዳይገባበት ወዲያው ሞልቼ ከደንኩት።»

እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር የሚታጠበው በእሱ ነው። ከምሳ በፊት እጃችን፣ ቱታችን፣ መፍቻው፣ ጣሳው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው። ንጹሕ ማለት እኛ ጋ በቤንዚኑ የታጠበ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የነገረኝ የእርስዎን እጅ እንጂ ዘይታችሁን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ጥቂት ጠብታ ቢቀር ይበቃዋል። ከዚያው ቋት የተቀዳ፣ እንዲህ ያልታጠበ ሌላ ዘይት የለም?»

የሚስቴ ቁጣ ትዝ አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ቶማ ቤት ስደርስ ሚስቱ ጠርሙሱን ይዛ ምድጃ አጠገብ ቆማለች።

«አትንኪው!»

«ምነው ጋሼ? የሰጡትን መልሶ መውሰድ በእናንተ አገር አለ እንዴ?»

«ዛሬ ተጀመረ ይበሏት» አለ ቶማ ከጉድጓዱ ሆኖ፣ እየሳቀ። ሦስት ጣት ያህል ቀርቷል። ሻኛ ሥጋ የያዝኩ ይመስል በሁለት እጄ ታቅፌው ወረድኩ።

ስደርስ የሥራ ሰዓት አልቆ ነበር፤ ነገ አለችኝ። በማግሥቱ እንደገና የማትታየውን እሳት ለኮሰች። መርፌው ገባ። ዓይኔን ከብዕሩ አልነቀልኩም። ሰዓቱ ደረሰ። ብዕሩ ትንሽ ጎበጥ አለና፣ ጉብታዋን አልፎ መንገዱን ቀጠለ። ቆርጣ መዘነቻት፤ መቀሱ የሚይዘው እንኳ አጥቶ ነበር።

«ከሚፈቀደው በታች ነው። ይህን ዘይት ያጠራው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለች።

እግዜር ያውቃል፣ ዓይኔ ሞላ። ሠላሳ ዓመት እንፋሎት ሲያበስለው የኖረ ሰው ምስክር ያገኘው ከአንዲት ጉብታ ነው።

ፍሰሐ ግን «ማኅተም የሌለው ጠርሙስ ማስረጃ አይሆንም» አለ።

«አይሆንም፤ እኔም አልጽፈውም። እነዚያ ሦስቱም ማስረጃ አይሆኑም። እንደማይሆኑ ግን እጽፋለሁ» አለችው።

«እሺ፤ ዘይቱ ደህና ከሆነ ሕዝቡን የሸተተው ምንድን ነው? ያ ሁሉ ሰው ዋሸ?»

እኔ ገና ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን አውቄዋለሁ። ለቀበሌ ሱቅ የሚሄደውን በርሜል የማጥበው እኔ ነኝ። አንድ ጣሳ ቤንዚን እጨምራለሁ፣ አንከባልላለሁ፣ እደፋለሁ፣ ወዲያው እሞላለሁ። ያ ማሽን በርሜል አላየም። ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም፤ መርዕድም በጠርሙሱ ስህተት ይፈታ ይሆናል፣ አይፈታም ይሆናል። ሰው ሁሉ ፊት ያሻኝን ስናገር የኖርኩ ሰው ያን ጊዜ ምላሴ ከበደችኝ።

«ጓድ ፍሰሐ፣ በርሜሎቹንም የማጥባቸው እንደዚሁ ነው» አልኩ።

አየኝ። «ያልከውን ታውቃለህ? አንተን እኮ ነው የሚያስሩህ።»

«ታዲያ መርዕድ የታሰረው ሰው ስላልሆነ ነው?»

ማስታወሻውን ከፈተ። ከዚያ ምንም ሳይጽፍ ዘጋው። «መጀመሪያ በርሜሉን ራሴ ላሽትተው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተናገረኝ።

መልስ

ሮማን በሙቅ ውሃና በሳሙና የታጠቡ፣ በምድጃዋ የደረቁ ባዶ ጠርሙሶች ሰጠችን። «አፋቸውን የምትከፍቱት ከቋቱ ሥር ነው» አለች። ለእኔ ደግሞ ከወረቀቱ የወጣውን የመጀመሪያ ጠርሙሴን ኮረብታ ቆርጣ ሰጠችኝ። ጫፉ የተቆረጠ ተራራ ነው። ስንሄድ ቤንዚን በጭድ አልብሰን ወሰድን፤ ስንመለስ ባዶ ጠርሙስ እንደ ታቦት ተሸክመን ዓባይን ተሻገርን። ፍሰሐ በመታጠፊያዎቹ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ዝም አልኩት።

ፋብሪካ እንደደረስን በርሜል አጥቤ እንዳሳየው አዘዘኝ። እንደ ልማዴ አጠብኩ። ጭንቅላቱን አስገባና እያነባ አወጣው። ለሁለት ሰዓት ያህል አስነጠሰ። ያን ማታ መርዕድን በዋስ ለቀቁት፤ ዋሱ ፍሰሐ ራሱ ነው። አዲሶቹ ጠርሙሶች ወደ ጉለሌ ሄደው ትንሽ ጉብታ ይዘው ሲመለሱ ዋስነቱም ቀረ። እኔን አላሰሩኝም፤ ወዛደሩ ፊት አቁመው ግለሂስ አስነበቡኝ። በጣቴ አልፈረምኩም፤ ራሴ ጽፌ ራሴ አነበብኩት። በርሜል አሁን በሶዳና በፈላ ውሃ ነው የሚታጠበው፤ እጄ ተላልጧል።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረህ ለሚለኝ፣ ዓይኔንና አፍንጫዬን እንዳላምን አስተማረኝ። ዓይኔ ንጹሕ ያለው ጠርሙስ ሰው ሊያስገድል ነበር። አፍንጫዬማ ከዚያ ሽታ ጋር ስለኖረ ከሞተ ቆይቷል፤ ሚስቴ ስንት ዓመት እንደነገረችኝ አሁን ነው የገባኝ።

መርዕድ የተፈታ ዕለት ማታ ቤቱ ሄድኩ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። የወረቀቷን ተራራ እጁ ላይ አስቀምጬ ከጠርሙሱ እስከ በርሜሉ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተራራዋን ወደ ፋኖሱ አስጠግቶ አገላብጦ አያት።

«አበልጄ» አለኝ በመጨረሻ፣ «እኔ ሌት ተቀን በእንፋሎት ሳባርረው የኖርኩትን፣ አንተ በጣሳ ስትመልሰው ኖረሃል?»